ኡቡንቱ ከጫናችሁ በኋላ ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለ፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ይህን ተከተሉ

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ባለበት ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ጨመራችሁ። መጫኑ በሰላም አለቀ፣ ሪስታርት አደረጋችሁ፣ ከዚያ ግን የጠበቃችሁት ስክሪን አልመጣም። ወይ ዊንዶውስ ብቻ ይነሳል፣ ወይ ሊኑክስ ብቻ ይነሳል፣ ወይ ደግሞ ጥቁር ስክሪን ላይ ጥቂት ፊደሎች መጥተው በዚያው ይቀራሉ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጥና ላፕቶፑን ይዞ ጥገና ቤት ይሮጣል። እዚያ የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ «ፎርማት ይደረግ» ነው። የዓመታት ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም በዚህ ዓይነት ችግር ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆኑም። ሁለቱም ሲስተሞች ዲስኩ ላይ እንዳሉ ናቸው። የተበላሸው ኮምፒውተሩ ሲበራ ከየት እንደሚጀምር የሚነግረው ትንሽ ፋይል ወይም አንድ የባዮስ ቅንብር ነው (ባዮስ ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሲስተሞቹ በፊት የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ነው)።

ደረጃ 1፣ 2 እና 3ን ሁላችሁም ሥሩ። ከዚያ በኋላ እናንተን ወደሚመለከተው ደረጃ ዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳትነኩ ስክሪኑን አንብቡ

ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሱ። «ጥቁር ሆነ» ማለት ብቻውን አይጠቅምም። መፍትሔው የሚለየው በጥቂት ቃላት ነው፤ እነዚያ ቃላት ደግሞ አንዳንዴ ለሁለት ሰከንድ ብቻ ታይተው ይጠፋሉ። ካመለጧችሁ በቪዲዮ ቅረጹ።

አሁን የማይደረጉ ነገሮች፦

- ሊኑክሱንም ሆነ ዊንዶውሱን እንደገና አትጫኑ።
- የማታውቁትን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) አታጥፉ። በተለይ 100 ሜጋባይት ገደማ የሆነች፣ የድራይቭ ፊደል የሌላት ትንሽ ፓርቲሽን አለች። ስሟ «ኢኤፍአይ ሲስተም ፓርቲሽን» ነው። የሁለቱም ሲስተሞች ማስነሻ ፋይል የሚቀመጠው እሷ ውስጥ ነው። «ባዶ ናት» ብለው የሚያጠፏት ሰዎች ሁለቱንም ሲስተም በአንድ ጊዜ ያጣሉ።
- ባዮስ ገብታችሁ አምስት ነገር በአንድ ጊዜ አትቀይሩ። አንዱን ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ ካልሠራ ወደነበረበት መልሱ። የቀየራችሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ።

የምታዩት ነገር ወደ የትኛው ደረጃ ይወስዳችኋል?

- ምርጫ ሳይሰጣችሁ በቀጥታ ዊንዶውስ ከተነሳ፦ ደረጃ 4
- ሊኑክስ ይነሳል፣ የምርጫው ዝርዝር ላይ ግን ዊንዶውስ ከሌለ፦ ደረጃ 5
- ጥቁር ስክሪን ላይ «ግራብ» (ከሊኑክስ ጋር የሚጫነው፣ የትኛው ሲስተም ይነሳ ብሎ የሚያስመርጠው ፕሮግራም) ወይም «ግራብ ሬስኪው» የሚል ካለ፦ ደረጃ 6
- ባዮስ ላይ አንድ ቅንብር ሲቀየር አንዱ፣ ሲመለስ ሌላው ብቻ የሚነሳ ከሆነ፦ ደረጃ 7
- ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ፣ ረጅም ቁጥር ከጠየቀ ወይም ጨርሶ ከጠፋ፦ ደረጃ 8
- ስለ «ሴኪዩሪቲ» ወይም «ቬሪፊኬሽን» የሚናገር ስህተት ከመጣ፦ ደረጃ 9
- ኡቡንቱን ስትመርጡ ስክሪኑ ጠቁሮ ከቀረ፦ ደረጃ 10

ደረጃ 2፦ ዕቃ አዘጋጁ

የሚያስፈልጋችሁ ሌላ የሚሠራ ኮምፒውተር (ለአንድ ሰዓት የጓደኛ ቢሆንም ይበቃል)፣ ሁለት ፍላሽ፣ ፋይል የምትገለብጡበት ውጫዊ ዲስክ እና ኢንተርኔት ያለው ስልክ ነው።

የመጀመሪያው ፍላሽ፦ ሊኑክስ ሚንት። የጫናችሁት ኡቡንቱ ቢሆንም ለጥገና የምመርጠው የሚንትን ፍላሽ ነው። ምክንያቱም «ቡት ሪፔር» የሚባለው የማስነሻ መጠገኛ መሣሪያ ሚንት ውስጥ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ኡቡንቱ ላይ ግን ለብቻው ማውረድ አለባችሁ። 4 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ይበቃል። ፍላሹን «ሩፈስ» በሚባለው ፕሮግራም ስታዘጋጁ የፓርቲሽን ዓይነቱን «ጂፒቲ»፣ ታርጌቱን «ዩኢኤፍአይ» አድርጉ (ዩኢኤፍአይ ምን እንደሆነ ደረጃ 7 ላይ አለ)። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፤ አስቀድማችሁ ገልብጡ።

ሁለተኛው ፍላሽ፦ ዊንዶውስ። በማይክሮሶፍት «ሚዲያ ክሬሽን ቱል» ይሠራል። ቢያንስ 8 ጊጋባይት ይሁን። ይህ የሚያስፈልገው ደረጃ 8 ላይ ለምትደርሱ ወይም ደረጃ 6 ላይ በሌጋሲ ሞድ ዊንዶውስን ለምትመልሱ ብቻ ነው።

የቢትሎከር ቁልፍ። ይህን የሚዘነጉ ሰዎች ናቸው በኋላ የሚያለቅሱት። ብዙ ዊንዶውስ 11 ያላቸው ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስኩን በቢትሎከር ይቆልፋሉ። ባዮስ ውስጥ ቅንብር ስትቀይሩ ዊንዶውስ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ምንም ከመንካታችሁ በፊት በስልካችሁ የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ግቡና ቁልፉን ፈልጉ። አግኝታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ላፕቶፑን ያገለገለ ገዝታችሁት ከሆነና የመጀመሪያው ባለቤት በራሱ አካውንት አስጀምሮት ከነበረ፣ ቁልፉ ያለው በእሱ አካውንት ውስጥ ሊሆን ይችላል። አሁኑኑ ደውሉለት። ዊንዶውሱ አሁንም የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ቢትሎከርን ለጊዜው «ሰስፔንድ» አድርጉት።

መብራት። ቻርጀሩን ሰኩ። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ከሆነ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትጀምሩ። የማስነሻ ፋይል እየተጻፈ መብራት ቢጠፋ የነበረው ችግር ይብሳል።

ፋይል አውጡ። በሚንት ፍላሽ ኮምፒውተሩን አስነሱ (የአነሳሱ መንገድ ደረጃ 3 ላይ አለ)። ሳትጭኑት ከፍላሹ ላይ እንዳለ ይሠራል። የፋይል ማኅደሩን ክፈቱ፣ የዊንዶውስ ዲስካችሁን ከግራ በኩል ምረጡ፣ «ዩዘርስ» ውስጥ ገብታችሁ የሚያስፈልጋችሁን ወደ ውጫዊው ዲስክ ገልብጡ። ዲስኩ «ለንባብ ብቻ ነው» ካላችሁ አትጨነቁ፤ ለመገልበጥ ንባብ ይበቃል። የቢትሎከር ቁልፍ ከጠየቃችሁ 48ቱን አሃዝ አስገቡ። ይህን ከጨረሳችሁ በኋላ የሚቀጥለውን ሁሉ በሙሉ ልብ መሞከር ትችላላችሁ።

ደረጃ 3፦ የቡት ሜኑውን ክፈቱ

ቡት ሜኑ ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ «ለዛሬ ብቻ ከየት ልነሳ?» ብሎ የሚጠይቅበት ዝርዝር ነው። ምንም በቋሚነት አይቀይርም። ስለዚህ ከባዮስ በፊት እዚህ ጀምሩ።

1. ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፉ።
2. አብሩትና ወዲያው ቁልፉን ደጋግማችሁ ጠቅ ጠቅ አድርጉ። ተጭናችሁ አትያዙ።
3. ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12 ነው። ኤችፒ ላይ መጀመሪያ ኤስኬፕ፣ ቀጥሎ ኤፍ9። አሱስ ላፕቶፕ ላይ ኤስኬፕ። ቶሺባ ላይ ኤፍ12። ኤሰር ላይም ኤፍ12 ነው፤ ግን ባዮስ ውስጥ «ኤፍ12 ቡት ሜኑ» የሚለው ካልበራ አይሠራም።
4. ካልመጣ «ኤፍኤን» የሚለውን ቁልፍ አብራችሁ ተጫኑ። አንዳንድ ሌኖቮ አይዲያፓድ ላይ ከጎን በኩል በመርፌ የምትጫን ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ እሷም ይህንኑ ሜኑ ታመጣለች።

ፈጥኖ ዊንዶውስ ውስጥ የሚገባባችሁ ከሆነ «ሺፍት»ን ይዛችሁ «ሪስታርት»ን ተጫኑ። ከሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ «ዩዝ ኤ ዲቫይስ» የሚለውን ምረጡ።

ዝርዝሩ ላይ ሁለት ስሞችን ፈልጉ፦ «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» እና «ኡቡንቱ»። የጫናችሁት ሚንት ቢሆንም ስሙ ብዙ ጊዜ «ኡቡንቱ» ተብሎ ነው የሚመጣው፤ አትደናገሩ። እያንዳንዱን ተራ በተራ ሞክሩ። ሁለቱም ከተነሱ ምንም የተበላሸ ነገር የለም፤ የቀረው ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ብቻ ነው።

ፍላሹ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ካያችሁት፣ ከፊቱ «ዩኢኤፍአይ» የሚል ያለበትን ምረጡ። ይህች ትንሽ ምርጫ ደረጃ 6 እና 7 ላይ ወሳኝ ናት።

ደረጃ 4፦ በቀጥታ ዊንዶውስ ብቻ ሲነሳ

ይህ ከሁሉም የበዛውና ከሁሉም የቀለለው ነው። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስን አንደኛ አድርጎ ይዞታል።

1. ባዮስ ግቡ። ዴል፣ አሱስ፣ ኤሰርና ብዙ ሌኖቮ ላይ ኤፍ2፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ10።
2. «ቡት» የሚለውን ክፍል ፈልጉ።
3. «ኡቡንቱ»ን ከ«ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» በላይ አውጡት። ብዙ ጊዜ በኤፍ5 እና በኤፍ6 ነው የሚንቀሳቀሰው፤ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ገጹ ጥግ ላይ ተጽፏል።
4. በኤፍ10 ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ።

ኤችፒ ላይ «ኡቡንቱ» የሚል ካላያችሁ፦ «ኦኤስ ቡት ማኔጀር» በሚለው መስመር ላይ ቁማችሁ ኢንተር ተጫኑ። ዝርዝሩ ከእሱ ሥር ተደብቆ ነው የሚገኘው። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ «የኔ ኤችፒ አይቀበልም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ኤሰር ላይ ካላያችሁ፦ ኤሰር ሊኑክሱን እንዲያምነው በእጅ ማሳየት ያስፈልጋል። ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ማስነሻ እንዳይነሳ የሚከለክለው የባዮስ ቅንብር) እንደበራ ይሁን። «ሴኪዩሪቲ» ውስጥ «ሱፐርቫይዘር ፓስወርድ» አስገቡ። ያን ጊዜ ደብዝዞ የነበረው «ሴሌክት አን ዩኢኤፍአይ ፋይል አዝ ትረስትድ» የሚለው ይከፈታል። በእሱ ገብታችሁ ዲስኩን፣ ከዚያ «ኢኤፍአይ»፣ ከዚያ «ኡቡንቱ» የሚለውን ፎልደር ክፈቱና በ«ሺም» የሚጀምረውን ፋይል ምረጡ። ስም ስጡት፣ ሴቭ አድርጉ፣ እንደገና ባዮስ ገብታችሁ ቅደም ተከተሉ ላይ ወደ ላይ አውጡት። ፓስወርዱን የግድ ጻፉት፤ የተረሳ የባዮስ ፓስወርድ ሌላ ትልቅ ጣጣ ነው።

ዊንዶውስ ትልቅ አፕዴት ካደረገ በኋላ ቅደም ተከተሉ ተመልሶ ሊገለበጥ ይችላል። ያን ጊዜም ይኸው ደረጃ ይደገማል።

ደረጃ 5፦ ዝርዝሩ ላይ ዊንዶውስ ሲጠፋ

ከግራብ 2.06 ጀምሮ ግራብ ሌሎች ሲስተሞችን በራሱ መፈለግ አቁሟል። ኡቡንቱ 22.04 እና ከዚያ ወዲህ የወጡት ላይ ይህን ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ በደረጃ 3 መንገድ ዊንዶውስ ከቡት ሜኑ እንደሚነሳ አረጋግጡ። ከተነሳ፣ የሚቀረው ግራብን «ፈልግ» ማለት ብቻ ነው።

ትእዛዞቹን በላቲን ፊደል፣ ሁሉንም በትንንሽ ሆሄ ነው የምትጽፉት።

1. ኡቡንቱ ውስጥ ኮንትሮል፣ አልት እና ቲን አንድ ላይ ተጫኑ። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ይከፈታል።
2. «ሱዶ» (ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ) ብላችሁ ጻፉ፣ ቦታ ተዉ፣ «ናኖ» (ኤን፣ ኤ፣ ኤን፣ ኦ)፣ ቦታ ተዉ፣ ከዚያ ሳታቋርጡ፦ ስላሽ፣ ኢ-ቲ-ሲ (ሦስት ፊደል፣ ያለ ሰረዝ)፣ ስላሽ፣ «ዲፎልት»፣ ስላሽ፣ «ግራብ»። ኢንተር።
3. ፓስወርድ ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ኪቦርዱ አልተበላሸም። ጽፋችሁ ኢንተር በሉ።
4. ወደ ታች ውረዱ። በ«ግራብ ዲሴብል ኦኤስ ፕሮበር» ጀምሮ በ«ፎልስ» የሚያልቅ መስመር ፈልጉ (ከሌለ መጨረሻ ላይ GRUB_DISABLE_OS_PROBER=false ብላችሁ ራሳችሁ ጨምሩት)። ከፊቱ ያለችውን የመሰላል ምልክት ብቻ አጥፉ። ሌላ ነገር አትንኩ።
5. ኮንትሮልና ኦ፣ ኢንተር፣ ከዚያ ኮንትሮልና ኤክስ። ተቀምጦ ይወጣል።
6. «ሱዶ»፣ ቦታ፣ «አፕዴት» ሰረዝ «ግራብ» ብላችሁ ኢንተር በሉ። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ሰረዝ እንጂ ባዶ ቦታ አይደለም።

ከሚወጡት መስመሮች መካከል ዊንዶውስ ቡት ማኔጀርን «ፋውንድ» የሚል ካያችሁ ተሳክቷል፤ ሪስታርት አድርጉ። ያ መስመር ካልወጣ ሁለቱ ሲስተሞች በተለያየ ሞድ ተጭነው ሊሆን ስለሚችል ደረጃ 7ን እዩ።

ደረጃ 6፦ ጥቁር ስክሪን ላይ «ግራብ» ሲል

ሁለት ዓይነት ነው። «ግራብ» ብቻ ካለ ግራብ ራሱ ተነስቷል፣ ግን የምርጫ ዝርዝሩን የያዘውን ፋይል አላገኘም። «ግራብ ሬስኪው» ካለ ደግሞ የራሱን ሌሎች ክፍሎች እንኳ አላገኘም። ሁለቱም የሚመጡት በብዛት ከፓርቲሽን ጋር ከተነካካችሁ በኋላ ነው፦ የሊኑክሱን ፓርቲሽን ካጠፋችሁ፣ ካንቀሳቀሳችሁ ወይም መጠኑን ከቀየራችሁ።

ሊኑክሱን አውቃችሁ ካጠፋችሁት የምትፈልጉት ዊንዶውስን ብቻ ነው። በደረጃ 3 ቡት ሜኑ «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር»ን ምረጡ። ከተነሳ ባዮስ ገብታችሁ እሱን አንደኛ አድርጉት፤ አለቀ። በአሮጌው «ሌጋሲ» ሞድ (ደረጃ 7 ላይ ተብራርቷል) የሚሠራ ኮምፒውተር ከሆነ ግን ይህ ዝርዝር የለም። ያን ጊዜ በዊንዶውሱ ፍላሽ አስነሱ፣ «ሪፔር» በሚለው በኩል እስከ «ኮማንድ ፕሮምፕት» (የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ) ድረስ ግቡ፣ «ቡትሬክ» («ቡት» የሚለው ቃል፣ ከዚያ አር፣ ኢ፣ ሲ ተያይዞ) ብላችሁ ቦታ ተዉና ስላሽ «ፊክስኤምቢአር» («ፊክስ» የሚለው ቃል፣ ከዚያ ኤም፣ ቢ፣ አር ተያይዞ) ጻፉ። ይህ ትእዛዝ ለሌጋሲ ብቻ ነው።

ሊኑክሱን የምትፈልጉት ከሆነ ቡት ሪፔርን ተጠቀሙ፦

1. በሚንት ፍላሽ አስነሱ። ከፊቱ «ዩኢኤፍአይ» ያለበትን መምረጣችሁን አትርሱ።
2. ኢንተርኔት አገናኙ። ዋይፋይ ካልሠራ ስልካችሁን በኬብል ሰኩና «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ»ን አብሩ። ይህ ከዋይፋይ ይልቅ ብዙ ጊዜ ሳያስቸግር ይሠራል። ሪፔሩ ግራብን እንደገና ማውረድ ሊያስፈልገው ስለሚችል ጥቂት ዳታ ይኑራችሁ።
3. ሜኑ፣ ከዚያ «አድሚኒስትሬሽን»፣ ከዚያ «ቡት ሪፔር»።
4. «ሬኮመንድድ ሪፔር» የሚለውን ተጫኑ። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ አትግቡ። በግምት የተነካ አንድ ምርጫ የዊንዶውሱን ማስነሻ ሊያበላሽ ይችላል።
5. መሃል ላይ «ይህን ትእዛዝ ገልብጠህ ተርሚናል ላይ ለጥፍ» ሊላችሁ ይችላል። በተሰጣችሁ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ለጥፉ።
6. ሲያልቅ የሪፖርት አድራሻ ይሰጣችኋል። ፎቶ አንሱት። ካልተሳካላችሁ የሚረዳችሁ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።
7. ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ፍላሹን ንቀሉ፣ አብሩ።

የሊኑክሱ ፓርቲሽን በእርግጥ ጠፍቶ ከሆነ ቡት ሪፔር ሊፈጥረው አይችልም። «ሊኑክስ አላገኘሁም» ካላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ደረጃ 7፦ አንዱ በዩኢኤፍአይ፣ ሌላው በሌጋሲ ሲሆን

ኮምፒውተር የሚነሳበት ሁለት መንገድ አለ፦ አዲሱ ዩኢኤፍአይ እና አሮጌው ሌጋሲ። ሁለቱ ሲስተሞች በተለያየ መንገድ ከተጫኑ አንዱ ሌላውን አያየውም። ስለዚህ ነው ባዮስ ውስጥ ሞዱን ስትቀይሩ አንዱ የሚነሳው፣ ስትመልሱ ሌላው የሚነሳው።

ዊንዶውሱን አስነሱና በፍለጋው ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ብላችሁ ክፈቱ። «ባዮስ ሞድ» የሚለውን መስመር እዩ። «ዩኢኤፍአይ» ካለ፣ ሊኑክሱን ወደዚያው ማምጣት ነው ያለባችሁ። በተቃራኒው አትሞክሩ፤ ዊንዶውስ 11 ለዩኢኤፍአይ የተሠራ ነው።

1. ባዮስ ውስጥ ሞዱን ወደ ዩኢኤፍአይ መልሱ። «ሲኤስኤም» የሚባል (ሌጋሲን የሚያስችለው ቅንብር) ካለ አጥፉት።
2. በሚንት ፍላሽ አስነሱ።
3. በትክክለኛው ሞድ መነሳቱን አረጋግጡ፦ የፋይል ማኅደሩን ክፈቱ፣ «ፋይል ሲስተም»፣ ከዚያ «ሲስ»፣ ከዚያ «ፈርምዌር» ውስጥ ግቡ። «ኢኤፍአይ» የሚል ፎልደር ካለ ትክክል ነው። ከሌለ ፍላሹ በሌጋሲ ነው የተነሳው፤ አጥፍታችሁ ከቡት ሜኑው እንደገና ምረጡ።
4. የደረጃ 6ን ቡት ሪፔር ሥሩ።

ሦስተኛውን ነጥብ የዘለለ ሰው ሪፔሩን አሥር ጊዜ ቢሠራው ለውጥ አያይም።

ደረጃ 8፦ ዊንዶውሱ ራሱ እምቢ ሲል

48 አሃዝ ከጠየቀ ቢትሎከር ነው። ደረጃ 2 ላይ የጻፋችሁትን አስገቡ። በየጊዜው እየደጋገመ ከጠየቀ ባዮስ ላይ የቀየራችሁትን መልሱ። ወይም ዊንዶውስ ውስጥ ገብታችሁ ቢትሎከርን «ሰስፔንድ» አድርጉና መልሳችሁ አብሩት፤ አዲሱን ሁኔታ ይቀበላል።

ሰማያዊ ስክሪን ላይ «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» ካለ ያደረጋችሁትን አስታውሱ። የኡቡንቱ መጫኛ «አርኤስቲን አጥፉ» ብሏችሁ ባዮስ ውስጥ የዲስኩን ሞድ ከ«ሬይድ» ወይም «አርኤስቲ» ወደ «ኤኤችሲአይ» ቀይራችኋል፣ አይደል? ዊንዶውሱ አልጠፋም። በአዲሱ ሞድ ዲስኩን ማንበብ አልተዘጋጀም፣ ያ ብቻ ነው።

1. ባዮስ ገብታችሁ የዲስኩን ሞድ ወደነበረበት መልሱ። ዊንዶውስ ይነሳል።
2. ቢትሎከር ካለ «ሰስፔንድ» አድርጉ። የዊንዶውስ ፓስወርዳችሁን በትክክል እንደምታውቁት አረጋግጡ።
3. በፍለጋው «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» ክፈቱ። «ቡት» በሚለው ትር ውስጥ «ሴፍ ቡት» ላይ ምልክት አድርጉ።
4. ሪስታርት ስታደርጉ በቀጥታ ባዮስ ግቡ፤ አሁን ወደ «ኤኤችሲአይ» ቀይሩ።
5. ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ይነሳል። በዚህ ጊዜ አስፈላጊውን ድራይቨር በራሱ ያዘጋጃል።
6. «ሴፍ ቡት»ን አጥፉና ሪስታርት አድርጉ።

«ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» ከዝርዝሩ ጨርሶ ከጠፋ በዊንዶውሱ ፍላሽ አስነሱ። «ኢንስቶል» የሚለውን አትንኩ፤ ከጥግ ያለውን «ሪፔር ዩር ኮምፒውተር» ምረጡ (አዲሱ መጫኛ ላይ አጻጻፉ ትንሽ ይለያል)። «ትራብልሹት»፣ ከዚያ «ስታርትአፕ ሪፔር»። ይህ ካልሠራ እዚያው «ኮማንድ ፕሮምፕት» ክፈቱ። የዊንዶውሱ ድራይቭ ሲ መሆኑን «ዲር» ብላችሁ፣ ቦታ ትታችሁ፣ ሲ እና ሁለት ነጥብ (የእንግሊዝኛው ኮሎን) ጽፋችሁ አረጋግጡ። በዝርዝሩ ላይ «ዊንዶውስ» የሚል ፎልደር መታየት አለበት። ካልታየ ዲን ሞክሩ። ከዚያ «ቢሲዲቡት» ብላችሁ (ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ከዚያ «ቡት» የሚለው ቃል ተያይዞ)፣ ቦታ፣ የድራይቩን ፊደል፣ ኮሎን፣ ወደ ግራ ያዘመመውን ስላሽ፣ ከዚያ «ዊንዶውስ» ጻፉ። ፋይሎቹ በተሳካ ሁኔታ መፈጠራቸውን ይነግራችኋል።

«ፌይለር» የሚል መልስ ከሰጠ ትንሿ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ተበላሽታለች ወይም የለችም ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በ«ዲስክፓርት» ፓርቲሽን መፍጠር ነው። አንድ ቁጥር መሳሳት የዲስኩን ይዘት ያጠፋል። ፋይላችሁን ካላወጣችሁ እዚህ ላይ ቁሙ፤ መጀመሪያ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ዲስኩ ባዮስ ውስጥ ጭራሽ ካልታየ ጉዳዩ ከሲስተም ጋር አይገናኝም። ዲስኩ ላልቷል ወይም ሞቷል። ወደ ባለሙያ የምትወስዱት ያን ጊዜ ነው።

ደረጃ 9፦ የሴኪዩር ቡት ስህተቶች

ኡቡንቱ እንደተጫነ «ፐርፎርም ሞክ ማኔጅመንት» የሚል ሰማያዊ ገጽ ከመጣ ስህተት አይደለም። ኡቡንቱን ስትጭኑ ለድራይቨሮች ፓስወርድ አስገብታችሁ ነበር። «ኢንሮል ሞክ»፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ» በሉና ያንን ፓስወርድ አስገቡ። ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት የኤንቪዲያ ወይም የዋይፋይ ድራይቨር ላይሠራ ይችላል።

«ኤስባት» የሚል ቃል ያለበት ስህተት ካያችሁ ምክንያቱ የዊንዶውስ አፕዴት ሊሆን ይችላል። በነሐሴ 2024 (በፈረንጆች) የወጣ የዊንዶውስ አፕዴት አሮጌ የሊኑክስ ማስነሻዎችን አግዶ ብዙ ሰዎችን በዚሁ መልእክት አስቀርቷል። መፍትሔው፦

1. የቢትሎከሩን ቁልፍ ያዙ።
2. ባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፉ።
3. ሊኑክሱን አስነሱና ያሉትን አፕዴቶች በሙሉ ጫኑ።
4. ሪስታርት አድርጋችሁ ሴኪዩር ቡትን መልሱ።

የድሮ የሊኑክስ ፍላሽ ይህንኑ ስህተት ያመጣል። አዲሱን ስሪት አውርዳችሁ ፍላሹን እንደገና ሥሩት።

ደረጃ 10፦ ኡቡንቱን ስትመርጡ ሲጠቁር

ግራብ መጥቶ፣ መርጣችሁ፣ ከዚያ ከጠቆረ ቡቱ ጤነኛ ነው። የተጣላው የስክሪን ካርዱ ድራይቨር ነው፤ ኤንቪዲያ ያላቸው ላፕቶፖች ላይ ይበዛል።

1. ከግራብ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ምረጡ።
2. በ«ሪከቨሪ ሞድ» የሚያልቀውን መስመር ምረጡ።
3. ከሚመጣው ዝርዝር «ሪዙም» በሉ። ስክሪኑ ደብዘዝና ዘገም ያለ ይሆናል፤ ለጊዜው ነው።
4. ውስጥ ገብታችሁ «አዲሽናል ድራይቨርስ» ክፈቱ። «ሬኮመንድድ» የተባለውን የኤንቪዲያ ድራይቨር ምረጡና ጫኑ።
5. ሪስታርት አድርጉ። «ሞክ» የሚለው ሰማያዊ ገጽ ከመጣ ደረጃ 9ን ተከተሉ።

ከተነሳ በኋላ በዚያው ቀን የሚሠሩ

ፋስት ስታርትአፕን አጥፉ። ዊንዶውስ «ሻት ዳውን» ሲባል በእርግጥ አይዘጋም፤ ግማሹን ዲስኩ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። ሊኑክስ ያንን ዲስክ ሲነካ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። «ኮንትሮል ፓነል»፣ «ፓወር ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ የፓወር ቁልፎች ምን እንደሚሠሩ የሚመረጥበት ገጽ። እዚያ መጀመሪያ የደበዘዙትን ምርጫዎች የሚከፍተውን ሰማያዊ ጽሑፍ ተጫኑ፤ ከዚያ «ፋስት ስታርትአፕ» ላይ ያለውን ምልክት አንሱ።

ሰዓቱን አስተካክሉ። ሊኑክስ ደርሳችሁ ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፦ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን 7 ሰዓት ይላል። ዱባይ ላላችሁ ልዩነቱ 4 ሰዓት ነው። ሊኑክስ የኮምፒውተሩን ሰዓት በግሪንዊች፣ ዊንዶውስ ደግሞ በአካባቢው ሰዓት ስለሚይዙት ነው። ሰዓቱ ሲሳሳት የባንክ ገጾችና ሌሎች ድረ ገጾች «ደኅንነቱ አልተረጋገጠም» እያሉ ይዘጋሉ። ሊኑክስ ተርሚናል ላይ «ታይምዴትሲቲኤል» («ታይም» እና «ዴት» የሚሉት ቃላት፣ ከዚያ ሲ፣ ቲ፣ ኤል፤ ሁሉም አንድ ላይ)፣ ቦታ፣ «ሴት» ሰረዝ «ሎካል» ሰረዝ «አርቲሲ»፣ ቦታ፣ 1 ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ዊንዶውስ ግቡና በሰዓት ሴቲንግ ውስጥ «ሲንክ ናው» የሚለውን አንድ ጊዜ ተጫኑ።